መርዶና አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይዤ ወደ ጎባ

ከሐዘኑ በፊት የነበረው የመጨረሻ ተራ ቀን ቅዳሜ ነበር። አሰላ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ታላቅ ወንድሜ አሸናፊ ልብስ ያጥባል፤ እኔ ውሃ አቀብለዋለሁ። የእኔን ቀይ ሹራብ ሳይቀር ነጥቆኝ እያሸ ነበር።

«ይሄን ለብሰህ የአሸናፊ ወንድም ነኝ አትበል፤ ታሰድበኛለህ» አለኝ። ከዚያ አረፋ በሞላው እጁ ግንባሩን ጠረገና «ዮኒ፣ የጌስትን ነገር ጨረስኩት እኮ» አለ።

ጌስት በእንግሊዝኛ እንግዳ ማለት ነው። አሸናፊ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፎቶ ኮፒ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ስለ ቃላት የማውቀው እሱ የነገረኝን ያህል ነው፤ እሱንም ደህና አድርጌ አላስታውሰውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ስህተት ካለ የእኔ ነው።

ይህን ቃል መከተል የጀመረው ጎባ ነው። መጀመሪያ ተመድቦ ሲሄድ ያረፈው «ጌስት ሃውስ» የሚል ታፔላ ያለው ቤት ነበር። ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሻንጣውን ሲጎትት አይተው «መምህር አልጋ ቤት አይኖርም» አሉና ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ሰጡት። ወደ አሰላ እስኪዛወር ድረስ ለዓመታት እዚያ ኖረ። አንድ ማታ «ለመሆኑ ይሄ ጌስት የሚሉት ቃል ከየት መጣ?» ብለው የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ቃሉን እንደጠፋ በሬ ዱካውን ተከተሉት።

አሸናፊ እንደሚለው እንግሊዞች ድሮ ቃሉን ሲጠሩት በ«ገ» አልነበረም፤ «ዪየስት» ዓይነት ነገር ነበር። ጠንካራውን «ገ» የሰጧቸው ከሰሜን ባሕር ተሻግረው የመጡት ሰዎች ናቸው፤ እነሱ «ጌስትር» ይሉ ነበር። ጀርመኖች እስከ ዛሬ «ጋስት» ይላሉ። ጎቶች የሚባሉ የጠፉ ሕዝቦች «ጋስትስ» ብለው ጽፈውታል። ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ እናትየው «ጋስቲዝ» ነች ይላሉ አዋቂዎቹ። ዴንማርክ ውስጥ አንድ የወርቅ ቀንድ ተገኝቶ ነበር አሉ፤ የሠራው ሰው ስሙን ቀርጾበታል፤ ስሙ ውስጥም ይህች ቃል አለች። ቀንዱን ሌባ ሰርቆ አቀለጠው። ደግነቱ ከመሰረቁ በፊት አንድ ሰው ሥዕሉን ስሎት ነበር፤ አሁን የቀረው ሥዕሉ ነው።

ጎባ ሳለ እስከዚህ ድረስ ለጋሽ ታደሰ ነግሯቸዋል። ቅዳሜ ዕለት ያገኘው ከዚያ በላይ ያለውን ነው።

«በሩ ላይ ለመጣ ለማይታወቅ ሰው የተሰጠ ስም ነው» አለኝ ሹራቡን እየጨመቀ። «ጀርመኖቹ ጋር እንግዳ ሆነ። ሮማውያን ጋር፣ ከዚያው ሥር፣ ‹ሆስቲስ› ሆነ፤ ጠላት ማለት ነው። ያ ሰው ዳቦ ይዞ ይሁን ጩቤ ይዞ ገና አልታወቀማ።»

«ለጋሽ ታደሰ ደውልላቸው» አልኩት።

«በስልክ? ፊታቸውንማ ማየት አለብኝ። ለበዓል እሄዳለሁ።»

በማግስቱ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገለበጠ። ስለዚያ ቀን ሌላ አልጽፍም።

ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ እናቴ ድንገት ቀና አለችና «ጋሽ ታደሰስ? ማን ነገራቸው?» አለች። ማንም አልነገራቸውም። የእሱ ስልክ ከእሱ ጋር ተሰባብሯል። እኔ ልደውል ስል ተቆጣች።

«መርዶ በስልክ? ሰውየው ልባቸውን ያማቸዋል። እንደ ልጃቸው ነው የያዙት። ትሄዳለህ። ማታ ትገባለህ፤ አትናገርም፤ ለጎረቤት ሹክ ትላለህ። ሲነጋ ሽማግሌ ይዘህ ታረዳቸዋለህ።»

ጥቁር ልብሴን አስወለቀችኝ። ጺሜን ላጭ አለችኝ። «ጠቁረህ ከገባህ በር ላይ ነው የሚወድቁት» አለች። ሌላ ልብሴ አልታጠበም ነበር። ንጹሕ ሆኖ የተገኘው አሸናፊ ያጠበው ቀይ ሹራብ ነው። ጥቁሩን አጣጥፌ ከቦርሳዬ ሥር ከተትኩ። ከዚያ ጎባ ደወልኩና የጋሽ ታደሰ ባለቤት እትዬ ጥሩወርቅ ሲያነሱ እንዲህ አልኩ፦ «ነገ ማታ እመጣለሁ። አሹ ነው የላከኝ። ሰላም ብሏችኋል።»

ወንድሜ በተቀበረ በአምስተኛው ቀን ነው ይህን ያልኩት። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ቢንቀጠቀጥ ይሻል እንደነበር አውቃለሁ፤ ግን አልተንቀጠቀጠም።

መጀመሪያው ቀን። ከአሰላ መናኸሪያ የወጣነው ረፋዱ ላይ ነው። የሚኒባሱ ረዳት ገና ሳየኝ «ሠርግ ነው?» አለ ሹራቤን እያየ።

«አይ፣ ዘመድ ጥየቃ ነው።»

«እንዲህ ተላጭቶ፣ እንዲህ ቀልቶ? ሙሽራ ነህ አንተ! እናንተ፣ ለሙሽራው መስኮት ጋ ቦታ ልቀቁለት!»

ከዚያ በኋላ ስሜ ሙሽራው ሆነ። በቆጂ ላይ ሰው ሲወርድ «ሙሽራው እግርህን ሰብስብ»፣ ሻይ ስንጠጣ «ሙሽራው ስኳር አይጨምርም፤ ጣፋጩ ይጠብቀዋል»። አጠገቤ የተቀመጠች የአዳባ ሴት እንባ እስኪወጣት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ብከፋ ለምን ይሉኛል፤ ብናገር መኪናው ሙሉ ለቅሶ ይሆናል፤ ስለዚህ ሳቅኩ። ሴትየዋ ከዘንቢሏ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችኝና «ስሟ ማነው?» አለችኝ። ዝም ስል «አፈረ፣ አፈረ» ብላ ለሁሉም ነገረች። ማፈሬስ እውነት ነበር።

አሳሳን እንዳለፍን ካምቢዮው እምቢ አለ። ሹፌሩ ከሥሩ ገባ፤ ወንዶቹ ወርደው ገፉ። ረዳቱ እኔን ብቻ «አንተ ትቆሽሻለህ፣ ተው» አለኝ። እንዲያውም ኮቱን አንጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ። የአሰላ መንገድ ዳር ቢሆን ሰው ከቦን ምክር ይሰጠን ነበር፤ እዚያ ግን ሜዳውና ነፋሱ ብቻ ነው ያለው። ተጠግኖ ዶዶላ ስንደርስ መሸ፤ ወደ ሮቤ የሚሄድ መኪና የለም። ለእትዬ ጥሩወርቅ ደውዬ ነገ እንደምደርስ ነገርኳቸው። «አይዞህ፣ ጭኮ እየሠራሁልህ ነው፤ ሲያድር ይጥማል» አሉኝ።

ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ብርድ ልብሱ ስስ መሆኑን አይታ የራሷን ጋቢ አመጣችልኝ። እኛ አገር ብርድ አለ፤ አሰላ ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም ብዬ ነበር። የዶዶላው ግን በግድግዳው ነው የሚገባው። ጋቢውን ለብሼ ተኝቼ ሴትየዋ ሐዘንተኛ መሆኔን ብታውቅ ምን ታደርግ ነበር እያልኩ አሰብኩ። ከዚያ ጋቢ የበለጠ ምን ትሰጠኝ ነበር? ማንም ምንም ሳያውቅ ሁሉም ይሰጠኝ ነበር። ያ ነው የከበደኝ።

ሁለተኛው ቀን። ከአዳባ በኋላ መንገዱ ይወጣል። ዲንሾ ላይ ጉም ስለነበር ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳል። ከርከሮዎች ከመንገዱ ዳር ተንበርክከው ሣር ይግጣሉ፤ አንድ ትልቅ ደጋ አጋዘን መሃል መንገድ ላይ ቆሞ አየን፤ ሹፌሩ እስኪያልፍ ጠበቀው። ለማየት የሚመጡ ፈረንጆች ብዙ እንደሚከፍሉ ሰው ነገረኝ። እኔ ደህና አድርጌ አላየሁትም። «ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት» የሚለውን በአፌ ውስጥ እያገላበጥኩ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዓረፍተ ነገር አልመጣልኝም።

ሮቤ የደረስኩት ከምሳ በፊት ነው። ሜዳው ሁሉ የደረሰ ስንዴ ነው። እኛም ስንዴ አለን፤ የእኛ ግን ኮረብታ ላይ ወጣ ገባ ይላል፤ እዚህ እስከ ሰማይ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ኮምባይነሮቹ ከሩቅ መጫወቻ ይመስላሉ። ጎባ ቅርብ ነው፤ ግን ማታ መግባት ስላለብኝ ሮቤ መዋል ነበረብኝ። አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሻይ በሻይ ላይ ጠጣሁ። ባለ ሻይ ቤቷ «መኪና አመለጠህ?» አለች። አዎ አልኩ። «እንግዲያው ውስጥ ግባ፣ ነፋስ ነው» ብላ ከራሷ ምሳ አካፈለችኝ። እንግዳ መሆን እንደዚህ ቀላል እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ውሸት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ጎባ ስገባ ፀሐይ ከባሕር ዛፉ በታች ነበረች። «ጌስት ሃውስ» የሚለውን ታፔላ አየሁት፤ አንድ ፊደሉ ወድቋል። ፊቱ ቆሜ ትንሽ ዘገየሁ። እዚያ አድሬ ጠዋት በቀጥታ ከሽማግሌ ጋር ብሄድስ አልኩ። ግን ስልኬ ጮኸ። «የት ደረስክ ልጄ?»

እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። «በጋ ነጋን ዱፍቴ! እንኳን በደህና መጣህ!» ብለው አቀፉኝ። አቅፈው አልለቀቁኝም። እኛ ጋ እንግዳ ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ይሳማል፤ እሳቸው ግን አንገቴ ሥር ገብተው ቆዩ። የባሌ ሰው ሲስም እንዲህ ነው ብዬ አሰብኩ። ቦርሳዬን ከእጄ ወሰዱ። በግቢው ጥግ ጀሪካኖች ተደርድረው ስላየሁ፣ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ አሹ ነግሮኝ ስለነበር፣ «ልቅዳ?» አልኳቸው።

«ምነው! ኬሱማ ጀሪካን ይይዛል? ተቀመጥ!» ኬሱማ እንግዳ ማለት ነው በኦሮምኛ።

ጋሽ ታደሰ ከወንበራቸው ተነሱ። ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። እጃቸው ቀዝቅዟል።

«አሹ ሰላም ብሎዎታል» አልኳቸው። ላለማለት ስንት ጊዜ ወስኜ ነበር። በር ላይ ግን ሌላ የሚባል ነገር ጠፋኝ።

መሬት መሬት አዩ። «እሱንም ሰላም ያድርገው» አሉ። «ተቀመጥ፣ ተቀመጥ ዮናስ።»

ጭኮው መጣ፤ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ፤ እኛም ጋ አለ። የእኛ ጠንከር ይላል፤ የእሳቸው አፍ ውስጥ ይሟሟል። እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው አልበሉም። አጠገቤ ቁጭ ብለው «ብላ፣ ይሄን ጨርስ፣ ነገ…» ይሉና ይቆማሉ። ተነስተው ወደ ጓዳ ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። «ሽንኩርት» ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ «ተበላሽቷል» አሉኝ።

ጎረቤቶች አንድ አንድ እያሉ መጡ። ሰላም ብለውኝ፣ አይተውኝ፣ ትንሽ ተቀምጠው ይወጣሉ። የቆዩት ከፊት ለፊት ያሉት ሐጂ ከድር ብቻ ናቸው። የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ የአሸናፊ ቀልደኛ ሐጂ። ስለ እሳቸው ብዙ ሰምቻለሁ።

«የአሰላ ሰው፣ ገብስ አለን ትላላችሁ አሉ» አሉኝ።

«አለን እንጂ።»

«ያንን ገብስ ነው የምትሉት? አልሐምዱሊላህ፣ ነገ ሲናና ወስጄ ገብስ አሳይሃለሁ። ከዚያ አገርህ ተመልሰህ ትነግራቸዋለህ።»

ሳቅን። ሐጂ ለአፍታ ብቻ ሳቁና ጺማቸውን ያዙ። እናቴ ለጎረቤት ሹክ በል ያለችኝን አስታወስኩ። ሐጂን በር ላይ ይዤ ልነግራቸው አሰብኩ፤ ግን እሳቸው ያለማቋረጥ ይቀልዳሉ፤ በዚያ ቀልድ መሃል እንዴት ይባላል? ስለዚህ ካርድ ልግዛ ብዬ ወጣሁ። ከበሩ አጠገብ ሱቅ አለች። ባለ ሱቋ ፊቴን እንዳየች ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «እህቴ፣ አንድ ነገር ላማክርሽ» ስላት «ግባ ወንድሜ፣ ይበርድሃል፣ ነገ ነገ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ምን አድርጌያት ነው አልኩ። ካርዱንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ስገባ ሁሉም ዝም ብለው ነበር። ዝምታው አስፈራኝ። ልሸፍነው ብዬ «ጋሼ፣ አሹ የጌስትን ቃል ጨርሶታል እኮ» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ቀስ ብለው ዞሩ። «ጨረሰው?»

ነገርኳቸው። እየተደናቀፍኩ፣ እንደ እሱ አሳምሬ ሳይሆን፣ ጋስትን፣ ጌስትርን፣ ጋስቲዝን አልፌ ሮማውያኑ ጋ ደረስኩ። ጠላት ማለት ነው አልኩ። «በር ላይ የቆመ የማይታወቅ ሰው ማለት ነበር ይላል አሹ። ዳቦ ይዞ ይሁን ጩቤ ገና አልታወቀም።»

«ይላል» አሉ ጋሽ ታደሰ ለራሳቸው። ከዚያ «ደህና አድርጎ አገኘው። ደህና አድርጎ» አሉ። ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ልባቸው ነው ብዬ ደነገጥኩ።

ሐጂ ቶሎ ገቡበት። «እና አንተስ ዮናስ? ዳቦ ነው ጩቤ የያዝከው? ቦርሳህን እንፈትሽ እንዴ?»

እትዬ ጥሩወርቅ ሳቁ፤ ጋሽ ታደሰም። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቦርሳዬ ሥር ጥቁሩ ልብስ አለ። የፊቴ ቆዳ እስኪቃጠል ድረስ ሳቅኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ማታ አፍሬ አላውቅም። የሞተ ሰው ሰላምታ አቀብዬ፣ ቃሉን እንደ ሕያው ሰው ቃል አውርቼ፣ ጭኳቸውን በልቼ፣ ነገ ጠዋት የማወጣውን ነገር ጎኔ አስቀምጬ እስቃለሁ። እትዬ ጥሩወርቅ ያኔ የአሸናፊን ሰርቪስ ቤት ከፍተው አልጋውን አሳዩኝ። አንሶላው አዲስ ነበር።

ሦስተኛው ቀን። ሊነጋ ሲል በግቢው ውስጥ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ታደሰ ለጸሎት የተነሱ መሰለኝ። ብቻቸውን ላገኛቸው ነው፤ ሽማግሌ ባይኖርም አሁን እላቸዋለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሹራቤን ለብሼ በሩን ከፈትኩ።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። ሽማግሌዎች ጋቢ ለብሰው ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ሐጂ ከድር ከፊት ናቸው። ጋሽ ታደሰ ከኋላቸው፤ በክንዳቸው ሰው ደግፏቸዋል። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ነግሯቸዋል አልኩ በልቤ። ደነገጥኩ፤ ወዲያው ደግሞ እፎይ አልኩ። ያቺን እፎይታ እስካሁን አልረሳኋትም።

ሐጂ እጄን ይዘው በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ትናንት የቀለዱት ሰውዬ አይመስሉም።

«ልጄ ዮናስ» አሉ። «አንተ የወንድ ልጅ ነህ። አላህ የሰጠውን አላህ ይወስዳል። መንገድ ላይ ሳለህ… አንተ ከቤት ከወጣህ በኋላ… ወንድምህ…»

ያኔ ገባኝ። መርዶውን ለእኔ ነው ያመጡት።

ቀስ ብሎ ሁሉም ነገር በቦታው ገባ። ትናንት ጠዋት የአሸናፊ የድሮ ትምህርት ቤት መምህራን በቴሌግራም ፎቶውን ከሻማ ጋር ለቀቁት። የሞተበት ቀን አልተጻፈም። እነ ጋሽ ታደሰ ወደ ስልኩ ቢደውሉ ዝግ ነው። ጭኮው ተሠርቷል፤ እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ አሹ ሰላም ብሏችኋል ብያለሁ። እንግዲያው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው የሞተው ብለው አሰቡ፤ ልጁ አልሰማም። መንገደኛ ደክሞ በገባበት ማታ መርዶ አይነገረውም፤ ይብላ፤ ይሳቅ፤ ይተኛ፤ ሲነጋ እንነግረዋለን። ቴሌቪዥኑ፣ ሽንኩርቱ፣ ሱቋ፣ የሐጂ ቀልድ፣ አዲሱ አንሶላ፤ ሁሉም ለእኔ ነበር። እናቴ ለእነሱ ያዘዘችውን እነሱ ለእኔ አደረጉት።

ዝም ብል ኖሮ ይሻል ነበር ይሆናል። እነሱ ያዘኑልኝን ሐዘን ተቀብዬ ማልቀስ እችል ነበር። ግን ጋሽ ታደሰ ሊወድቁ ይመስላሉ፤ ለእኔ ሲሉ ነው የቆሙት።

«አውቃለሁ» አልኩ። «ሐጂ፣ አውቃለሁ። እኔ ነኝ የቀበርኩት። ለእናንተ መርዶ ላረዳ ነው የመጣሁት።»

ጋሽ ታደሰ ሐጂን አልፈው መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«ትናንት ማታ፣ ያንን ቃል ስትነግረኝ… ታውቅ ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

«ሰላም ብሎዎታል ስትለኝም?»

«አዎ።» ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልብዎ ያምዎታል ብለን ነው።»

«እኔም አውቅ ነበር» አሉ። «እየሰማሁህ አውቅ ነበር። ያንተ ልብ ነበር የሚያሳስበን።»

እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው መጀመሪያ የጮኹት። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ለመለየት የሚያስቸግር ድምፅ ነበር። «ወይኔ ልጄን! ጭኮውን እንዴት ዋጥከው? እንዴት ዋጥከው?» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ግቢው በአንድ ላይ አለቀሰ። እኔም። ቀብሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲያየኝ፣ እንደዚያ አላለቀስኩም ነበር። ጋሽ ታደሰ ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙት፤ የተላጨውን ጉንጬን እየዳበሱ «ጺምህን እንኳ» ይሉ ነበር፤ «ለእኛ ብለህ ጺምህን እንኳ።»

እድሩ ድንኳን ሊያመጣ ወጣ። ከተማው ሊመጣ ነው፤ አሸናፊ ያስተማራቸው ልጆች ሁሉ። ወደ ሰርቪስ ቤቱ ገባሁና ሹራቡን አወለቅኩ። ከቦርሳዬ ሥር ጥቁሩን አውጥቼ ለበስኩ። ስወጣ የት እንደምቀመጥ ስላላወቅኩ ግድግዳው ጥግ ቆምኩ። የሐዘንተኛ ቦታ እዚያ ቤት የእነሱ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንን ሁሉ ከቀጠፍኩ በኋላ በምን ዓይኔ እቀመጣለሁ ብዬ።

እትዬ ጥሩወርቅ ከጓዳ ወጡ። ጥቁር ሻሽ አስረዋል። ልብሴን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ምንም አላሉም። ከዚያ ጥግ ያሉትን ጀሪካኖች በአገጫቸው አሳዩኝ።

«ምን ቆመሃል? ውሃው ሳይሄድ ሁለቱን ይዘህ ውረድ። ለቀስተኛ ሊሞላ ነው።»

ሁለቱን አነሳሁና ከሌሎቹ የሰፈር ልጆች ኋላ ቧንቧው ጋ ተሰለፍኩ።